ለፒኤስፒ ከጀርባ የሚለጠፍ ትንሽ የባትሪ ሳጥን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምኖረው አራት ኪሎ ነው። አክስቴ ድሮ ከጣሊያን የላከችልኝ ፒኤስፒ 3000፣ የሶኒዋ በእጅ የምትያዝ የጌም መጫወቻ፣ አለችኝ። ባትሪዋ አብጦ የኋላ ክዳኗን ገፍቶታል፤ ከገበያ የገዛሁት ምትክም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ጌሞቹ ሜሞሪ ስቲክ ላይ ስለሆኑ ዲስክ አልጠቀምም። መብራት ሲጠፋም እንድጫወት ከጀርባዋ የሚለጠፍ የባትሪ ሳጥን ራሴ ልሠራ አስቤያለሁ። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የወጡ ስድስት ሴሎች አሉኝ። ጓደኛዬ «ሁለቱን ሴል በቀጥታ የባትሪዋ ምላስ ላይ በይዳቸው» ይለኛል፤ እኔ ግን ፈራሁ። ከምንም በላይ ሳጥኑ ትንሽ እንዲሆን ነው የምፈልገው። አክስቴ ለበዓል ትመጣለች፤ ምን ይዛልኝ ትምጣ?

ምላሽ፦ መፍራትህ ደግ ነው፤ ጓደኛህ ያለህን እንዳታደርግ። ምክንያቱን እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ያበጠው ባትሪ አሁንም ፒኤስፒዋ ውስጥ ካለ ዛሬውኑ አውጣው። ያበጠው ውስጡ ያለው ኬሚካል እየተበላሸ ጋዝ ስለፈጠረ ነው። ስታወጣው በካቻቢቴ ጫፍ አትፈልቅቀው፤ ጋዙ ይውጣለት ብለህም በመርፌ እንዳትወጋው፣ ሊቀጣጠል ይችላል። ምላሶቹን በናስትሮ ሸፍነህ፣ ደረቅ አሸዋ ያለበት ጣሳ ውስጥ ከትተህ፣ ከምትተኛበት ክፍል ውጪ አስቀምጠው። ከእንግዲህ ቻርጅ ላይ አይሰካም።

ምትኩ ቶሎ የሞተብህ አንተ ዕድለ ቢስ ሆነህ አይደለም። ሶኒ ፒኤስፒን ለገበያ ማቅረብ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ማንም ሳይነካው መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ያረጃል። ስለዚህ «ኦርጅናል ነው፣ ማሸጊያው እንኳ አልተከፈተም» ተብሎ የሚሸጥልህ ባትሪ እውነትም ኦርጅናል ከሆነ አሥር ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነው። በቅርቡ የተሠራው ደግሞ ላዩ ላይ የፈለገውን ቁጥር ይጻፍበት እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። በዚያው ቀጭን መጠን 2400 ወይም 3600 የሚል ካየህ አልፈህ ሂድ፤ የሶኒው ራሱ 1200 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልበልህ፤ መጫወት ብቻ ከሆነ ሐሳብህ፣ ትንሽ ፓወርባንክና ከዩኤስቢ ወደ ፒኤስፒ የሚሄድ የቻርጅ ኬብል ይበቃሃል። የሚሠራ ሰው ግን ይህን ሲነግሩት እንደማይሰማ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ወደ ሳጥኑ እንሂድ።

ሳጥኑ እንዲያንስልህ ከፈለግክ ከሴሉ ቁጥር ጀምር። ስድስት ሴል በእጅህ ስላለ ሁለት ሦስቱን ለመክተት ይቃጣሃል። የሚያስፈልግህ አንድ ብቻ ነው። ሂሳቡ እንዲህ ነው፤ የድሮው ባትሪ 1200 ሚሊአምፔር-ሰዓት በ3.6 ቮልት፣ ማለትም 4.3 ዋት-ሰዓት ገደማ ይይዛል። አዲስ እያለ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ያጫውት ነበር። ስለዚህ ፒኤስፒዋ ስትጫወትባት የምትበላው ከ1 እስከ 1.5 ዋት ነው። ስክሪኑን እስከ መጨረሻው ብታበራና ዋይፋይ ብትከፍት እንኳ 2 ዋት ብለህ ያዝ። ቻርጀሩ ላይ 5 ቮልት 1.5 አምፔር የሚለውን አይተህ «7.5 ዋት ያስፈልገኛል» እንዳትል፤ ያ ባትሪውን እየሞላ ጎን ለጎን ለማጫወትም እንዲበቃ የተቀመጠ ጣሪያ ነው። ባትሪው ከወጣ የመሙላቱ ሸክም የለም።

አሁን ከላፕቶፕ የወጣ፣ ግማሽ ዕድሜውን የጨረሰ፣ 1800 ሚሊአምፔር-ሰዓት የቀረው አንድ ሴል ውሰድ። በ3.7 ቮልት 6.7 ዋት-ሰዓት ነው። ፒኤስፒዋ በቻርጀር ቀዳዳዋ የምትቀበለው 5 ቮልት ስለሆነ ቮልቱን ወደ 5 ስታሳድግ 15 በመቶ ያህል በሙቀት ይባክናል እንበል፤ 5.7 ይቀርሃል። ይህ በ1.5 ዋት ሲካፈል ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል። አሮጌው ሴል ብቻውን የኦርጅናሉን የአዲስነት ዕድሜ ያህል ያጫውትሃል ማለት ነው። ሁለተኛውን ሴል ከጨመርክ የምታገኘው ተጨማሪ አራት ሰዓት ነው፤ የምትከፍለው ግን ከ45 ግራም በላይ ክብደትና የሳጥኑን ስፋት በ18 ሚሊሜትር መጨመር ነው። ፒኤስፒ 3000 ራሷ ከነባትሪዋ 189 ግራም ናት። እኔ ሁለተኛውን ሴል አልከትም።

ቀጭን እንዲሆን ብቻ ከፈለግክና ሰዓቱ ብዙም ካላሳሰበህ የኖኪያው ቢኤል-5ሲ አለ፤ ከሬዲዮው እስከ ፋኖሱ የማይገባበት የሌለው ያ ጠፍጣፋ ባትሪ። እውነተኛው 1020 ሚሊአምፔር-ሰዓት ስለሚይዝ አንዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ያስኬድሃል። እውነተኛውን ማግኘት ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ወደ ጓደኛህ ምክር ልመለስ። የባትሪውን ማስቀመጫ ብታይ ሦስት ምላስ አለው። ፕላስና ማይነስ ሁለቱ ናቸው፤ ሦስተኛው የመረጃ መስመር ነው። ፒኤስፒዋ በእሱ በኩል ባትሪው ውስጥ ካለች ቺፕ ጋር ትነጋገራለች፤ ምን ያህል ቻርጅ እንደቀረ የምታውቀውም ከዚያ ነው። ባዶ ሴል ስትበይድበት የሚመልስላት የለም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ማንም ሰው የዲሲ ቻርጀሩን የሰካ ዕለት የኮንሶሏን የመሙያ ክፍል መከላከያ (ከልክ በላይ ሲሞላ ወይም ሲራገፍ የሚቆርጥ ቦርድ) ከሌለው አሮጌ ሴል ጋር ማጋጠምህ ነው። የላፕቶፕ ሴሎች መከላከያቸው በሳጥናቸው ቦርድ ላይ ስለነበር ለየብቻቸው ሲወጡ ዕርቃናቸውን ናቸው። ጓደኛህ «ሁለቱን» ያለው ደግሞ በተከታታይ ማለቱ ከሆነ 7.4 ቮልት ነው፤ እሱን አልተችም፣ ቦርዷ ራሷ ትመልስለታለች።

ትክክለኛው በር የዲሲ ቀዳዳዋ ነው፤ በስተቀኝ ከታች ያለችው ቢጫዋ። 5 ቮልት ትቀበላለች፣ መሐሏ ፕላስ ነው፣ ሶኬቱ ከውጭ 4 ሚሊሜትር ከውስጥ 1.7 ሚሊሜትር ነው። ፒኤስፒ ባትሪዋ ወጥቶ በዚህ በኩል ብቻ መሥራት ትችላለች፤ የፈለግነውም ይህንኑ ነው። በዚህ መንገድ ኮንሶሏ ሳትፈታ፣ አንድ ብሎን እንኳ ሳይላላ ትቀራለች። የኦርጅናል ቻርጀሩን ገመድ አትቁረጥ፤ ያንን የዩኤስቢ ኬብል ግዛና የእሱን ጫፍ ተጠቀም። ውስጡ ያሉትን ሽቦዎች በቀለማቸው አትመን። ቀይ ማይነስ ሆኖ የሚገኝበት ኬብል ገበያ ውስጥ ሞልቷል፤ በመልቲሜትር አረጋግጥ። ፖላሪቲ፣ ማለትም ፕላስና ማይነሱ፣ ከተገለበጠ ቦርዱ ላይ ያለችው የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ፊውዝ ትሄዳለች፤ እሷ ብቻ ከሄደች ደግሞ ዕድለኛ ነህ።

ለቦርዶቹ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው አይፒ5306 የሚባለው፣ መሙያውም ማሳደጊያውም በአንድ ላይ ያለበት የፓወርባንክ ቦርድ ነው። ትንሽ ነው፣ 5 ቮልቱ ቋሚ ነው። ለአንተ ግን አልመርጥልህም፤ እስከ 2 አምፔር ድረስ ሊሞላ ስለሚችል ለደከመ የላፕቶፕ ሴል ይበዛበታል። ሌላም አመል አለው። የሚወጣው ከረንት ከ50 ሚሊአምፔር ገደማ በታች ሲሆን «ማንም የለም» ብሎ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ራሱን ያጠፋል። ጌሙን አቁመህ ፒኤስፒዋን አስተኝተህ ቡና ልታቀርብ ብትነሳ፣ ስትመለስ ሴቭ ያላደረግከው ሁሉ የለም። ፓወርባንክ የሚጠቀሙ ሰዎች «ፒኤስፒዬ ራሷ ትጠፋለች» እያሉ የሚያመጡልኝ ብዙ ጊዜ ከዚህ ውጪ በሽታ የላትም።

ስለዚህ ላንተ ሁለቱን ለየብቻ፤ ለመሙያ መከላከያ ያለበትን ቲፒ4056፣ ለማሳደጊያ ኤምቲ3608። ቲፒ4056 ስትገዛ አራት የብየዳ ነጥብ፣ ማለትም ለሴሉ ሁለት ለውጤቱ ሁለት ያለውን ምረጥ። ሁለት ብቻ ያለው መከላከያ የለውም። የሚሞላበትን ከረንት የምትወስነው አንዲት ትንሽ ሬዚስተር ናት። ከፋብሪካ 1.2 ኪሎኦም ሆና ትመጣለች፤ ያ 1 አምፔር ነው። በ2.4 ኪሎኦም ቀይራት፣ ግማሽ አምፔር ይሆናል። ማታ መብራት ካለ ሰክተህ ብትተኛ እስኪነጋ ይሞላል፤ ቦርዱም አይግልም፤ አሮጌው ሴልም ያመሰግንሃል። ባለ ዩኤስቢ ሲ ቦርድ ከገዛህና ከሁለቱም ወገን ሲ በሆነ ኬብል አልሞላ ካለህ ቦርዱ ሞቷል ብለህ አትጣለው። አንዳንዶቹ ቻርጀሩ የሚያውቅባቸው ሁለት ሬዚስተሮች ስለተዘለሉባቸው ነው፤ አንዱ ጫፉ ተራ ዩኤስቢ በሆነ ኬብል ይሞላሉ።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን፤ አደራደሩ። 18650 የሚባለው ሴል፣ ከላፕቶፕ ባትሪ የሚወጣው ድቡልቡል ዓይነት፣ 65 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ 18 ሚሊሜትር ይወፍራል። ቲፒ4056 ቦርዱ 28 በ17፣ ኤምቲ3608 ደግሞ 36 በ17 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሁለቱን ቦርዶች ጫፍና ጫፍ ስታጋጥማቸው 64 ይመጣሉ፤ የሴሉን ርዝመት ያህል። ስፋታቸውም ከሴሉ ውፍረት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሴሉን በአንድ ረድፍ፣ ቦርዶቹን ጎኑ በሌላ ረድፍ አስተኛቸው፤ ባዶ ቦታ የሚባል አይተርፍም። የመሙያው ቀዳዳ በአንዱ ጫፍ ይወጣል፣ ወደ ፒኤስፒዋ የሚሄደው ሽቦ በሌላው። ብዙ ሰው ቦርዶቹን ሴሉ ላይ ይደራርባቸዋል። እንዲያ ሲሆን ሳጥኑ ከ30 ሚሊሜትር በላይ ይወፍራል፤ መካከለኛ ጣትህ የሚያርፍበት ቦታም ይጠፋል።

ለሳጥኑም በስሪዲ ማተሚያ ብር አታውጣ። ሽቦ ግድግዳ ላይ የሚሸፈንበት፣ ክዳኑ ቀጭ ብሎ የሚገባው ነጭ ፕላስቲክ፣ ትራንኪንግ የሚሉት፣ ባለ 40 በ25 ሚሊሜትሩ ለዚህ ሥራ የተለካ ይመስላል። የሴሉና የቦርዱ ስፋት ሲደመር 35 ነው፤ ከነናስትሮው ይገባል። ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ማንኛውም ሱቅ ሙሉውን ዘንግ ሊሸጥልህ ይፈልጋል፤ ሕንፃ እየታደሰ ያለበት ሄደህ ግን ከተጣለው ቁራጭ ብትለምን ማንም አይከለክልህም። በከተማው መሐል እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ አሁን አይጠፋም። ከ75 ሚሊሜትር አትበልጥበት፤ ሁለቱን ጫፎች ከዚያው ፕላስቲክ በተቆረጠ ቁራጭ ዝጋቸው። ሬዚስተርና ካፓሲተር ከፈለግክ ምናለሽ ተራ ሄደህ የሞተ ዲኮደር ወይም የሞተ ፓወር ሰፕላይ ግዛ፤ የምትፈልገው ሁሉ ላዩ ላይ ነው። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ እዚያ የነበሩት ጠጋኞች ተበታትነዋል፤ ድሮ በአንድ እግር ጉዞ የሚገኘው አሁን ሦስት ሰፈር ያዞራል።

የት ይለጠፍ? ከጀርባዋ መሐል፣ ርዝመቱ ከስክሪኑ ጋር ጎን ለጎን፣ ወደ ላይኛው ጠርዝ ጠጋ ብሎ። የሁለት እጅህ ጣቶች ከግራና ከቀኝ ስለሚያርፉ አይነኩትም። ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጣትም ስክሪኗ ወዳንተ ዘንበል ይላል፤ ይህን ጥቅም ያለ ተጨማሪ ዕቃ ታገኘዋለህ። ማጣበቂያው ቬልክሮ ይሁን። አንተ ዲስክ ስለማትጠቀም የዲስክ በሩ ላይ ቢያርፍ ግድ የለህም፤ ዲስክ የሚጠቀም ሰው ግን ቦታውን እንደገና ማሰብ አለበት።

ከስድስቱ ሴሎች የትኛው? መጀመሪያ የላፕቶፑን ባትሪ አንተ ራስህ ከሆንክ የፈታኸው፣ ሴሎቹን የሚያያይዘውን የኒኬል ሪባን ሙሉ በሙሉ አትላጠው። ከእያንዳንዱ ጫፍ አንድ ሁለት ሳንቲሜትር አስቀርተህ ቁረጠው። ብየዳህን እሱ ላይ ትሠራለህ፤ ሴሉ ራሱ ላይ የጋለ ብረት መጫን ውስጡን ይጎዳዋል። በፕላስ ጫፉ በኩል ደግሞ ተጠንቀቅ። የሴሉ ቆርቆሮ በሙሉ ማይነስ ነው፤ ከፕላሱ ቆብ የሚለየው ያ ቀጭን ፕላስቲክና አንዲት የወረቀት ቀለበት ብቻ ነው። ፕላስቲኩ የተቀደደ ካለ፣ ፒንሳህ ሁለቱን በአንድ ላይ ከነካ ብልጭታ ሳይሆን ጭስ ነው የምታየው።

ቮልታቸውን ለካ። ከ2.5 በታች የወረደውን ለይተህ አውጣ፤ ሊሞላ ይችላል፣ ግን በዚያ ጥልቀት የቆየ ሴል ውስጡ የሚሟሟው መዳብ ኋላ ውስጣዊ ሾርት ያመጣል። የቀሩትን አንድ በአንድ በዚያው ቲፒ4056 ሙላ፤ በየመሐሉ በእጅህ ጀርባ ንካቸው። በግማሽ አምፔር እየተሞላ የሚሞቅ ሴል ውሸታም ነው። ሞልተህ ሳምንት አስቀምጣቸው። በ4.2 የተቀመጠው ከ4 በታች ወርዶ ከጠበቀህ እሱም ይቅር።

ለመጨረሻው ምርመራ የምትፈልገው 10 ኦም 5 ዋት የሆነች ነጭ የሴራሚክ ሬዚስተር ነች። የሞላውን ሴል ከቲፒ4056 ጋር አያይዘው፤ ሬዚስተሯን ከቦርዱ ውጤት ላይ አድርግ። ከረንቱ 0.37 አምፔር ገደማ ይሆናል፤ ኃይሉም 1.4 ዋት፣ ማለትም ፒኤስፒዋ ራሷ የምትበላውን ያህል። ሰዓቱን ያዝና ሴሉ 3 ቮልት እስኪደርስ ጠብቅ። አምስት ሰዓት ከቆየ ወደ 1850 ሚሊአምፔር-ሰዓት አለው፤ ያ ያንተ ሴል ነው። ሦስት ሰዓት ያልሞላውን ለፋኖስ አድርገው። ብትረሳውም ቦርዱ ላይ ያለው መከላከያ 2.4 ቮልት ላይ ይቆርጠዋል፤ እሱ ግን የመጨረሻው አጥር ነው፣ ለአሮጌ ሴል ጥልቅ ነው። ሴሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታገናኝ በውጤቱ በኩል ምንም ቮልት ካላየህ አትደንግጥ፤ ቻርጀሩን ለአፍታ ሰክተህ ንቀለው፣ መከላከያው ይነቃል።

ኤምቲ3608 ላይ ቆም ልበል፤ ፒኤስፒ የሚገድለው እሱ ነውና። ቦርዱ ላይ አንድ ሰማያዊ፣ ጥጉ ላይ የነሐስ ብሎን ያለበት ማስተካከያ አለ። ሴሉን አገናኝተህ መልቲሜትሩን ውጤቱ ላይ ታደርጋለህ፤ ብሎኑን ወደ ግራ ታዞራለህ፤ ምንም የለም። አሁንም ታዞራለህ፤ አሁንም ምንም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቦርዱ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ብዙ ዙር ካዞርክ በኋላ ነው ቁጥሩ በድንገት መንቀሳቀስ የሚጀምረው። እስከ 28 ቮልት ሊወጣ እንደሚችል አስብና ፒኤስፒዋ በዚያን ጊዜ ሌላ ክፍል ውስጥ ትሁን።

አስተካክለህ 5.1 ላይ ብታቆመው እንኳ ሰማያዊው እዚያው እንዲቀር አልፈቅድልህም። ይህ ማስተካከያ የሚቀመጠው በውጤቱ ፕላስና ቺፑ ቮልቱን በሚለካባት እግር መካከል ነው። ቦርሳ ውስጥ ሲንገላታ የውስጥ ምላሱ ለአንዲት ቅጽበት ከለቀቀ ቺፑ «ቮልት የለም» ብሎ ያስብና ያለ የሌለ ኃይሉን ወደ ላይ ይገፋል። የጥፍር ቀለም ብሎኑን ይይዘው ይሆናል፣ የውስጡን ምላስ ግን አይዝም። ስለዚህ ንቀለውና በቋሚ ሬዚስተር ተካው። ቀመሩ፦ ውጤት = 0.6 × (1 + የላይኛው ሬዚስተር ÷ የታችኛው)። የታችኛው ቦርዱ ላይ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ 2.2 ኪሎኦም ነው፣ አንተ ግን ራስህ ለካው። 15 ኪሎኦምና 1.5 ኪሎኦም በተከታታይ ስታደርግ 16.5 ይሆናል፤ በ2.2 ሲካፈል 7.5፤ አንድ ጨምረህ በ0.6 ስታባዛ 5.1 ቮልት። ማስተካከያው ከተነሳባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ከውጤት ፕላስ፣ አንዱ ከ2.2 ኪሎኦሟ ጋር ይገናኛል፤ መልቲሜትሩን ድምፅ ላይ አድርገህ ፈልጋቸው። ባለ 1 በመቶ ሬዚስተር ከሆነ ይመረጣል። በዚህ ሥራ ሌላ ጥቅምም ታተርፋለህ፤ ቦርዱ ላይ ከሁሉ የሚረዝመው ያ ሰማያዊ ስለነበር ሲነሳ ቦርዱ በአንዴ ያጥራል።

ገመዱ ቀላል ነው። ሴሉ ወደ ቲፒ4056 የሴል ነጥቦች፣ ከውጤቱ ፕላስ ወደ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከማብሪያ ማጥፊያው ወደ ኤምቲ3608 መግቢያ፣ ከመውጫው ወደ ፒኤስፒዋ ሶኬት። ማብሪያ ማጥፊያው ቢያንስ 1 አምፔር የሚችል ይሁን፤ ቦታውም ከኤምቲ3608 በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። ማይነሱን ግን ልብ በል፤ የሴሉን ማይነስና የውጤቱን ማይነስ «ያው ማይነስ ነው» ብለህ አንድ ላይ እንዳትበይዳቸው። መከላከያው የሚቆርጠው በማይነስ በኩል ነው፤ ካገናኘሃቸው አጥሩን ራስህ አፈረስከው። ከመውጫው ላይ 470 ማይክሮፋራድ 10 ቮልት ካፓሲተር ጨምር። በሴሉና በቦርዶቹ መካከል ደግሞ ወፈር ያለ ካርቶን አቁም።

ሲያልቅ ያችኑ 10 ኦም ሬዚስተር አምጣ። በ5.1 ቮልት ግማሽ አምፔር ትጎትታለች፤ ከፒኤስፒዋ ይበልጣል፣ ስለዚህ ጥሩ ፈተና ናት። ስለምትግል ሸክላ ነገር ላይ አድርጋት። ግማሽ ሰዓት ተዋት፤ ቮልቱ ከ4.9 ካልወረደና የኤምቲ3608 ጥቅልል ጣት የማያስቀምጥ ሙቀት ላይ ካልደረሰ ሳጥኑን ዝጋ። ያኔ ብቻ ነው ፒኤስፒዋ የምትመጣው።

አጠቃቀሙ ላይ ጥቂት ነገር። ባትሪ ስለሌላት ሶኬቱ ከተነቀለ ወዲያው ትጠፋለች፤ ሰዓትና ቀኗንም እንደገና ትጠይቅሃለች። የሜሞሪ ስቲኳ ብርቱካናማ መብራት ብልጭ እያለ ሳለ ከነቀልክ ሴቭህ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ወደ ጎን የታጠፈ ሶኬት ፈልግ፣ ሽቦውንም ከሳጥኑ መውጫ ላይ በግሉ ጋን አጥብቀው። እየሞላህ አትጫወት፤ ቲፒ4056 ፒኤስፒዋ የምትወስደውን ከረንት ሴሉ የወሰደው እየመሰለው ሞልቷል ብሎ አያቆምም። ሲስተሙን ማሻሻል ካሰብክ ያለ ባትሪ እሺ አትልህም።

አክስትህን ደግሞ አንድ ሴል ብቻ አስመጣት። ከታወቀ ፋብሪካ፣ ሳምሰንግ ወይም ኤልጂ ወይም ፓናሶኒክ፣ ከ3000 እስከ 3500 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚል 18650። 9900 ተብሎ የተጻፈበትን ካየች ትተው፤ እንዲህ ያለ 18650 የለም። እውነተኛው ከ45 ግራም በላይ ይመዝናል፣ የውሸቱ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል። ሲገዙ ጫፎቹ ላይ የኒኬል ምላስ የተበየደበት ይምረጡ፤ በማስቀመጫ ብትከተው ማስቀመጫው ራሱ ሳጥኑን ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ ያስረዝመዋል። ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍና በእጅ ሻንጣዋ ትያዘው፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። በ3500 ሴል ሰባት ሰዓት ገደማ ታገኛለህ፤ ያኔ የቲፒ4056ን ሬዚስተር ወደ 1.2 ኪሎኦሙ መልሰው፣ ያለበለዚያ እስኪሞላ ቀኑ ይመሽብሃል። እሷ እስክትመጣ ግን ካሉህ ስድስት የተሻለውን ከትተህ ጀምር፤ ሳጥኑ ያው ነው፣ ሴሉ ይቀየራል።